አፍካርስ ላይ ያለው «አዎ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ውስጥ የምኖር የሁለት ልጆች እናትና የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ፎስተር ኬር ውስጥ ባሉ ልጆች የጤና ችግር ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ። መንግሥት የሚሰበስበው አፍካርስ የሚባል ዳታ በነፃ ይገኛል ብለውኛል። እነዚህ ልጆች ከሌሎች ልጆች ምን ያህል የበለጠ እንደሚታመሙ ለማሳየት ይበቃኛል? ካልበቃ ምን ልጨምርበት? የኢትዮጵያውያን ልጆችንስ ለይቼ ማውጣት እችላለሁ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ዳታው ይጠቅምሻል፤ ያሰብሽውን ጥያቄ ግን ብቻውን አይመልስልሽም። አንደኛ፣ አፍካርስ ውስጥ ያለው ፎስተር ኬር የገባ፣ ማለትም መንግሥት ከቤቱ ወስዶ ሌላ አሳዳጊ ዘንድ ያስቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። ቤቱ ያለ ልጅ እዚያ ስለሌለ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ስትባዪ መልስ የለሽም። ሁለተኛው ምክንያት ረቀቅ ይላል፤ በጀማሪነቴ እኔንም ጉድ የሠራኝ እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። (አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ቅር እንዳይልሽ። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከዳታው ጋር እንተዋወቅ። አፍካርስ ማለት ክፍለ ግዛቶች ፎስተር ኬር ውስጥ ስላሉና በጉዲፈቻ ስለተሰጡ ልጆች ለፌዴራል መንግሥት የሚልኩት ሪፖርት ነው። መነሻ ሕጉ የ1986 ነው፣ ዝርዝር ደንቡ በ1993 መጨረሻ ወጣ፣ መሰብሰብ የተጀመረው ደግሞ በኦክቶበር 1994 ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይላካል፤ የበጀት ዓመቱ ከኦክቶበር 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይሄዳል። ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ፎስተር ኬር ውስጥ የነበሩት ልጆች ወደ 369 ሺህ ይጠጋሉ፤ በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ቀንም ቢሆን የገቡትን ስትደምሪ ከግማሽ ሚሊዮን ያልፋል። ይሄ ደግሞ ናሙና አይደለም፣ የሁሉም ልጅ መዝገብ ነው። ለተማሪ ይህን ያህል መዝገብ በነፃ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ የጤናው ነገር የቱ ጋ ነው? ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። በአሮጌው አፍካርስ፣ ማለትም እስከ 2022 የበጀት ዓመት በተሰበሰበው፣ የፎስተር ኬሩ ፋይል 66 ጥያቄዎች አሉት። የልጁን የጤና ምርመራ የሚመለከቱት ስድስት ብቻ ናቸው። አንዱ ጠቅላላ ጥያቄ ነው፦ ልጁ በባለሙያ ተመርምሮ እክል እንዳለበት ተረጋግጧል ወይ? 1 ከሆነ አዎ፣ 2 ከሆነ አይ፣ 3 ከሆነ ገና አልታወቀም። ከዚያ አምስት ዓምዶች ይከተላሉ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ የማየት ወይም የመስማት ችግር፣ የአካል ጉዳት፣ የስሜት መታወክ፣ ሌላ ልዩ እንክብካቤ የሚፈልግ በሽታ። አለቀ።

እስቲ ጠጋ ብለሽ እያቸው። ማየትና መስማት አንድ ዓምድ ውስጥ ስለገቡ ዓይነ ስውሩን ልጅ መስማት ከተሳነው መለየት አትችዪም። «ሌላ» የሚለው ውስጥ ሥር የሰደደ በሽታ ሁሉ ታጭቋል፤ አስሙም፣ ስኳሩም፣ የልብ ችግሩም፣ የደንቡ ማብራሪያ በስም የሚጠራው ኤችአይቪም። ስለዚህ «የአስም ስርጭት በፎስተር ኬር ልጆች» የሚል ርዕስ ይዘሽ አማካሪሽ ጋ ብትገቢ ባዶ እጅሽን ነው የምትወጪው። የስሜት መታወክ የሚለው ዓምድ ደግሞ ፋይሉ ላይ ስሙ «ዲኤስኤም ሦስት» ነው። ዲኤስኤም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ነው፤ ሦስተኛው እትም በ1980፣ አራተኛው በ1994፣ አምስተኛው በ2013 ወጣ፣ ዓምዱ ግን በድሮ ስሙ ከርሟል። ውስጡ ያለው ድብርት ይሁን ጭንቀት ይሁን ሌላ አታውቂም። የበሽታ ኮድ የለም፣ የሕመሙ ክብደት የለም፣ መድኃኒት የለም። ከሁሉም የሚያናድደኝ ምርመራው የተደረገበት ቀን አለመኖሩ ነው። ለምን እንደሚያናድደኝ ወደ ታች ታዪዋለሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልመለስ። አንድ ልጅ ዳታው ላይ «አዎ» እስኪባል ድረስ ስንት በር ማለፍ እንዳለበት አስቢው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ከቤቱ የተወሰደ የአምስት ዓመት ልጅ አለ እንበል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንዲህ ያለ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ምርመራ፣ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት ይመክራል። ምክር ነው፤ አንዳንድ ቦታ ይፈጸማል፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠሮው ወራት ይወስዳል። ተመረመረ እንበል። ወረቀቱ ለአሳዳጊዋ ይሰጣል ወይ የልጁን ጉዳይ ለያዘው ቢሮ ይላካል፤ መንገድ ላይ የሚቀርም አለ። ሶሻል ወርከሯ አገኘችው እንበል። ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፣ ዛሬ ማታ ለሌላ ልጅ ማደሪያ ትፈልጋለች፣ በዚህ መሀል ያችን አንዲት ሳጥን ለመሙላት ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለባት። ከሞላችም በኋላ የክፍለ ግዛቱ ሲስተም ሐኪሙ የጻፈውን ወደ አምስቱ ዓምዶች ይመነዝረዋል፣ አመነዛዘሩ ደግሞ እንደየክፍለ ግዛቱ ነው። እና «አዎ» የሚለው ምልክት ሕመሙን፣ ምርመራውን፣ ወረቀቱን፣ ሠራተኛዋንና ሲስተሙን አንድ ላይ ቋጥሮ ነው የሚመጣልሽ። አንዱ ከጎደለ የታመመው ልጅ «አይ» ሆኖ ይመጣል፣ ወይ «ገና አልታወቀም»።

ወደ ሌላው አቅጣጫም ይስታል። ፎስተር ኬር የገባ ልጅ ቢያንስ በምክሩ መሠረት ሐኪም ፊት መቅረብ አለበት፤ እዚያው ሰፈር ቤቱ ያለው ጓደኛው ደግሞ ያው ችግር ኖሮበት ማንም ሳያየው ሊያድግ ይችላል። በዚያ ላይ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ልዩ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ልጅ አሳዳጊው የሚያገኘው ወርሃዊ ክፍያ ከፍ ይላል። ማጭበርበር እያልኩ አይደለም። ግን ምርመራ እንዲጻፍ የሚገፋ ነገር ባለበት ቦታ ብዙ ምርመራ ይጻፋል፣ የሚገፋ በሌለበት ጥቂት።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። መጀመሪያ በዚህ ዳታ ስሠራ የክፍለ ግዛቶችን ንጽጽር የሚያሳይ የሚያምር ካርታ ሠራሁ። አንዱ ክፍለ ግዛት እክል ያለበት ልጅ የሌለው ያህል ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ጥቁር ቀይ። እኔ ቁጭ ብዬ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ፤ ድህነት፣ የሐኪም እጥረት፣ የሱስ ችግር፣ ምን ያልጻፍኩት አለ። ሁለት ገጽ ትንታኔ ጽፌ ለአንዲት አንጋፋ ባልደረባዬ ላክሁላት። የመለሰችልኝ አንዲት መስመር ናት፦ «3ቶቹን የት አደረስካቸው?» ሄጄ ሳይ «ገና አልታወቀም» የተባሉትን በሙሉ ከ«አይ» ጋር ደባልቄአቸዋለሁ። በዚያ ነጭ ክፍለ ግዛት ደግሞ አብዛኛው ልጅ 3 ነበር። ለካ ያ ሁሉ ትንታኔ የአንድ ቢሮ የቅጽ አሞላል ልማድ ላይ የተጻፈ ነው! ካርታው እስካሁን አለኝ፣ አልጣልኩትም።

ሌላው ወጥመድ «መቼ ቆጠርሽ?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሴፕቴምበር 30ን ፎቶ ይወስድና «ከፎስተር ኬር ልጆች ይህን ያህል ከመቶው እክል አለባቸው» ይላል። በምሳሌ ላሳይሽ። አንድ ቢሮ በየዓመቱ 100 ልጅ ይቀበላል እንበል። 50ው እክል አለበት፣ 50ው የለበትም። እክል ያለበት ልጅ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ የሌለበት አንድ ዓመት። ነገሩ ከረጋ በኋላ አንድ ቀን ገብተሽ ብትቆጥሪ እክል ያለባቸው 150፣ የሌለባቸው 50 ሆነው ታገኚያቸዋለሽ። 75 ከመቶ! ከሚገቡት ውስጥ ግን 50 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ማንም አልዋሸም፣ የሚቆየው ልጅ ስለተከማቸ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ «እየገቡ ያሉት ልጆች ምን ዓይነት ናቸው?» ከሆነ በዓመቱ የገቡትን ብቻ ውሰጂ። «ዛሬ ምን ያህል የሐኪም አገልግሎት ያስፈልጋል?» ከሆነ የሴፕቴምበር 30ው ፎቶ ልክ ነው። ሁለቱን አንድ አንቀጽ ውስጥ መቀላቀል ነው ችግሩ።

የምርመራው ቀን አለመኖር የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። «እክል ያለባቸው ልጆች ረጅም ጊዜ ይቆያሉ» የሚል ውጤት በቀላሉ ይወጣልሻል። ግን ረጅም ጊዜ የቆየ ልጅ ለመመርመርም ረጅም ጊዜ አለው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እናቱ የተመለሰው ልጅ ማን ያየዋል? እክሉ አቆየው ወይስ ቆይታው ምርመራ አመጣለት? ቀኑ ስለሌለሽ አታውቂም። የሚቻለው መላ አለ፤ ልጁ በገባበት ዓመት መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ብቻ መነሻ አድርጊና በቀጣዮቹ ዓመታት በተመሰጠረው መለያ ቁጥሩ ተከተዪው። በኋላ የተጻፈለትን ወደ ኋላ ወስደሽ መነሻው ላይ አትለጥፊ። ፍጹም ባይሆንም ዓይን ያወጣውን ስህተት ያስቀርልሻል።

ሁለት ትንንሽ ወጥመዶች በፍጥነት። ልጁ ከቤት ከተወሰደባቸው ምክንያቶች ውስጥ «የልጁ አካል ጉዳት» የሚል አለ። እሱ የመወሰጃ ምክንያት እንጂ ምርመራ አይደለም፣ ከጤናው ዓምድ ጋር አታምታቺው። ሁለተኛው የጉዲፈቻው ፋይል ውስጥ ያለው «ልዩ ፍላጎት» ነው። ስሙን አይቶ ሕመም የሚመስለው ብዙ ነው። ልጁ ዕድሜው ከፍ ስላለ፣ ከእህት ወንድሞቹ ጋር አብሮ መሄድ ስላለበት፣ ወይም በዘሩ ምክንያት ቤተሰብ ለማግኘት ስለሚቸገር «ልዩ ፍላጎት» ሊባል ይችላል። ጤናማ የሆነ፣ ኳስ ሲራገጥ የሚውል የአሥር ዓመት ልጅ እዚያ ውስጥ አለ። ይህን ዓምድ እንደ በሽታ ቆጥሮ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ምስኪን፣ ምዕራፉን በሙሉ ነው የጣለው።

አሁን ጥሩ ዜና። በ2020 አዲስ ደንብ ወጣና ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ክፍለ ግዛቶች በአዲሱ መልክ እንዲሰበስቡ ተደረገ። የጤናው ክፍል ከድሮው ጋር አይወዳደርም። ኦቲዝም ለብቻው፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ለብቻው፣ ማየት ለብቻው፣ መስማት ለብቻው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ለብቻው፣ የእድገት መዘግየት ለብቻው ሆነዋል። እያንዳንዱም «አሁን አለበት»፣ «ድሮ ነበረበት»፣ «አይመለከተውም» ተብሎ ይለያል። ለእኔ ዋናው ግን ሌላ ነው። ልጁ ጭራሽ አልተመረመረም? ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም? ተመርምሮ ውጤቱ ቢሮው አልደረሰም? ሦስቱ ተለያይተው ይጻፋሉ። ያ ድሮ አንድ ቁጥር 3 ውስጥ ተደብቆ ያሳበደኝ ነገር ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ አለው ግን። ከ2022 ወደ 2023 አንድ መስመር ስበሽ «የጤና ችግሩ እንዲህ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» እንዳትዪ። የተቀየረው ቅጹ ነው። ሲስተም የቀየረ ክፍለ ግዛት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እየተንገዳገደ ነው የሚልከው። መስመሩን ቆርጠሽ ሁለት ቦታ አድርጊው።

ወደ ማነጻጸሪያው እንሂድ፣ ምክንያቱም የጥያቄሽ ልብ እሱ ነው። ክሪስቲን ተርኒ እና ክሪስቶፈር ዋይልድማን በ2016 ያወጡት የታወቀ ጥናት አለ። የተጠቀሙት አፍካርስን ሳይሆን የ2011–2012ን ብሔራዊ የልጆች ጤና ዳሰሳ ነው። ፎስተር ኬር ያለፉ ልጆች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ድብርት ሰባት እጥፍ፣ የባሕርይ ችግር ስድስት እጥፍ፣ ጭንቀት አምስት እጥፍ፣ አስምና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። አየሽ፣ አስም የሚል ቃል እዚህ አለ፣ ዳሰሳው በቀጥታ ስለሚጠይቅ። ድክመቱ መላሹ አሳዳጊው መሆኑ ነው። ልጁን ከሁለት ወር በፊት የተቀበለች አሳዳጊ በሕፃንነቱ ምን ታሞ እንደነበር ከየት ታመጣዋለች?

ማነጻጸሪያ ስትመርጪ ደግሞ ጥያቄሽ አብሮ ይቀየራል። ከአገሩ ልጅ ሁሉ ጋር ካነጻጸርሽ ድህነቱንም፣ በቤት የደረሰበትን በደልም፣ ፎስተር ኬሩንም አንድ ላይ ነው የምትለኪው። ከድሃ ቤተሰብ ልጆች ጋር ከሆነ ድህነቱ በመጠኑ ይወጣል። ወደ ፎስተር ኬር ራሱ ተጽዕኖ ለመቅረብ የሚሻለው ሌላ ነው፤ የልጅ በደል ጥቆማ ደርሶ ምርመራ ተደርጎባቸው ግን ቤታቸው ከቀሩ ልጆች ጋር ማነጻጸር። ለዚህ የተሠራ ዳሰሳ አለ፣ ኤንስካው ይባላል። የመጀመሪያው ዙር በ1999 ሲጀመር ከ5,500 በላይ ልጆችን ከምርመራ መዝገብ ወስዶ ለዓመታት ተከታትሏል፤ ሁለተኛው ዙር በ2008 ተጀምሮ እንዲሁ ወደ 5,900 ልጆች ይዟል። ልጆቹ በታወቁ የባሕርይና የእድገት መለኪያዎች ተለክተዋል፣ ወላጅም አሳዳጊም ተጠይቀዋል። የቢሮ ሳጥን ላይ የተጫነ ምልክት ሳይሆን የተለካ ነገር ነው ያለሽ። የናሙና ክብደቱን (እያንዳንዱ ልጅ ስንት ልጅ እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) ሳትጠቀሚ ግን አትነኪው፣ ናሙናው ሆን ተብሎ ያልተመጣጠነ ነው።

ምክንያትና ውጤት ላይ ላለመዋሸት ለሚፈልግ ሰው የኢኮኖሚስቶቹ ሥራ ያስተምራል። ጆሴፍ ዶይል በ2007 በኢሊኖይ ያደረገው ጥናት ብልሃት አለው። ጥቆማ ሲመጣ ጉዳዩ የሚደርሳት መርማሪ በአብዛኛው ተራዋ የደረሰ ናት፣ አንዷ ልጅ ቶሎ የምትወስድ፣ ሌላዋ የማትቸኩል። የልጁ ዕጣ በከፊል በአጋጣሚ ተወሰነ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ሲታይ ውሳኔው ወዲህም ወዲያም ሊሆን ይችል ለነበረ ትልልቅ ልጆች መወሰዱ የባሰ ውጤት አሳየ። በ2022 ማክስ ግሮስ እና ጄሰን ባሮን በሚሺጋን ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅመው ተቃራኒውን አገኙ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በደንብ መገኘት ጀመሩ፣ የሒሳብ ውጤታቸውም ተሻሻለ። ክፍለ ግዛቱ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ። አንቺ ማስተርስሽን ልትጨርሺ እንጂ ይህን ልትፈቺ አልመጣሽም። «ፎስተር ኬር ልጆችን ያሳምማል» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ከአፍካርስ ተነስተሽ አትጻፊ።

በሽታውን በስሙ ካልጠራሁ አይሆንም ካልሽ የቀረው የሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን፣ መዝገብ ነው። ፎስተር ኬር ያሉ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሜዲኬይድ አላቸው፣ ስለዚህ ሐኪም ያየበት ቀን፣ የበሽታው ኮድ፣ የታዘዘው መድኃኒት ሁሉ እዚያ አለ። የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት ተቋም የሆነው ጂኤኦ በ2011 ያወጣው ሪፖርት በዚህ ነው የተሠራው። በአምስት ክፍለ ግዛቶች፣ ማለትም በፍሎሪዳ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሚሺጋን፣ ኦሪገንና ቴክሳስ፣ በ2008 የፎስተር ኬር ልጆች የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የታዘዘላቸው ሜዲኬይድ ላይ ካሉ ሌሎች ልጆች ከ2.7 እስከ 4.5 እጥፍ ነበር። ሪፖርቱ ራሱ ከፍ ማለቱ ብቻውን መድኃኒቱ ያላግባብ ታዘዘ ማለት እንዳልሆነ ይናገራል፣ ልጆቹ ያሳለፉት ከባድ ነገር አለና። ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘለሽ እንዳታልፊ።

ሜዲኬይድም የራሱ ጉድ አለው። የብቁነት ኮዱ ላይ «ፎስተር ኬር» ብለሽ የምትመርጪው ቡድን በፌዴራል ድጎማ በጉዲፈቻ የተሰጡና በሞግዚትነት ያሉ ልጆችንም አብሮ ይይዛል። ከስምንት ዓመት በፊት ጉዲፈቻ የተሰጠች፣ ዛሬ እናትና አባት ያላት ልጅ «ፎስተር ኬር» ሆና ትቆጠርልሻለች። ሁነኛው መንገድ የክፍለ ግዛቱን የፎስተር ኬር መዝገብ ከሜዲኬይዱ ጋር በልጅ በልጁ ማገናኘት ነው፣ ያ ደግሞ ስምምነት፣ ጠበቃና ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፌዴራሉ ለመውሰድም ክፍያ አለው፣ ወረፋም አለው። ለማስተርስ አልመክርሽም። ዶክትሬት ስትገቢ እንነጋገራለን።

አፍካርስን ለማግኘት ለዓመታት ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቆየው የልጅ በደል መረጃ ማኅደር፣ ኤንዳካን የሚባለው፣ መንገዱ ነው። የአጠቃቀም ስምምነት ትፈርሚያለሽ፣ ፋይሉ ለስታትስቲክስ ሶፍትዌሮቹ፣ ለኤስፒኤስኤስም ለስታታም ለሳስም፣ ተዘጋጅቶ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲሽን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ደግሞ ራስሽ «አያስፈልግም» ብለሽ አትዝለዪው፣ ደብዳቤውን ከዩኒቨርሲቲሽ በጽሑፍ ያዢ። ፋይሉን ስትከፍቺ ልጆቹ ሁሉ በወሩ 15ኛ ቀን የተወለዱ ሆነው ብታገኚ አትደንግጪ። ልጁ እንዳይታወቅ ተብሎ ነው፣ ሌሎቹ ቀኖች በመካከላቸው ያለው ርቀት እንዳይዛባ አብረው ተገፍተዋል። ከ1,000 ያነሰ መዝገብ ያላቸው ካውንቲዎችም ስማቸው ተሸፍኗል፣ ስለዚህ የገጠር ካርታ እሠራለሁ ብለሽ አትልፊ።

የኢትዮጵያውያን ልጆችን ጉዳይ በአጭሩ፦ አይቻልም። የዘር ዓምዱ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ብሎ ያቆማል፣ የቤተሰብ አገር አይጽፍም። ቢቻል እንኳ አንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ አምስትና ስድስት ልጅ ይዘሽ ሰንጠረዥ መሥራት ማለት ሰፈሩ የሚያውቃቸውን ልጆች ስም መጥራት ነው። እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ላንቺ አልነግርሽም። እነሱን ማጥናት ከፈለግሽ ቤተሰቦችን ፈቅደው በማናገር እንጂ በዚህ ዳታ አይሆንም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምሠራውን ልንገርሽ። ጥያቄውን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ፎስተር ኬር በገቡበት ዓመት የስሜት መታወክ የተመዘገበላቸው ልጆች በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በቤተሰብ ፋንታ የቡድን መኖሪያ ውስጥ የመቀመጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ይለያል ወይ? ይሄ አፍካርስ በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ልጁ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ጊዜ ቦታ እንደቀየረ፣ መቼና እንዴት እንደወጣ። ማነጻጸሪያውም እዚያው ፋይል ውስጥ አለ። ስለ ሕመሙ ስትጽፊ «የተመዘገበላቸው» በዪ እንጂ «ያለባቸው» አትበዪ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። አወጣጡን ስትተነትኚ ወደ ወላጅ መመለስ፣ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነትና ለአቅመ አዳም ደርሶ መውጣት አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ስለሆነ አንድ ላይ «ወጣ» ብለሽ አትጨፍልቂያቸው።

3ቶቹን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስኪጃቸው። አንድ ጊዜ ሁሉንም «አዎ» አድርገሽ፣ አንድ ጊዜ ሁሉንም «አይ» አድርገሽ። ድምዳሜሽ በሁለቱም ከቆመ እሰየው። ከተገለበጠ ያንኑ ጻፊው፣ አማካሪሽ ደስ ባይለውም።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ፋይሉ በደረሰሽ ቀን፣ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ሥሪ። በግራ በኩል ክፍለ ግዛቶቹን፣ ከላይ 1፣ 2፣ 3 እና ባዶ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ለየብቻ። አንድ ክፍለ ግዛት ዘንድሮ አብዛኛው 3 ሆኖ በቀጣዩ ዓመት ድንገት ሁሉም 2 ከሆነ ልጆቹ በአንድ ሌሊት አልዳኑም፤ ሲስተም ተቀይሯል ወይ ሰው ተቀይሯል። እነዚያን አውጪና ከቀሩት ጋር ጀምሪ። ስንት ክፍለ ግዛት እንደተረፈሽ ንገሪኝ፣ የናሙናውን ስሌት ከዚያ ተነስተን እናየዋለን።